የአቶምን አስኳል ያናገረ ሊቅ፤ የፊሊክስ ብሎክ የሕይወት ታሪክ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ከፍታ ላይ ንፍሮ ለመቀቀል ምን ያህል ማገዶ እንደሚፈጅ ሳያውቅ አይቀርም፡፡ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ እንቁላልም ቢሆን በአዋሽ ቆላ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ በዚያ ዘግየት ብሎ ይበስላል፡፡ ይሁን እንጂ ቶሎም ይብሰል ዘግይቶ፣ አንድ ጊዜ የበሰለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም፡፡ ይህን ነገር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናየዋለን፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡

የእንቁላሉ ነጭ ክፍል ከዐሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ፕሮቲን ነው፡፡ ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዐይነት ዶቃዎች በአንድ ክር ላይ ተራ በተራ እንደ ተሰኩ ያለ ረጅም ሰንሰለት ነው፡፡ ክሩ ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም፡፡ ራሱን በራሱ አጣጥፎ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውንም የሚሠራው ያን ቅርጽ በመያዙ ነው፡፡ ሙቀት ሲበዛበት እጥፋቱ ይፈታል፤ የተፈቱትም ክሮች እርስ በርሳቸው ተተብትበው ነጭና ጠጣር ይሆናሉ፡፡ ለሰውም አካል ነገሩ እንደዚሁ ነው፡፡ ደማችን፣ ጡንቻችን፣ ምግባችንን የሚፈጨው ሁሉ በትክክል በታጠፈ ፕሮቲን የሚሠራ ነው፡፡ እጥፋቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ በሽታ ይከተላል፡፡

ይህ ክር ሲታጠፍና ሲፈታ በዐይን አይታይም፤ በተራ ማጉያ መነጽርም አይታይም፡፡ የሰው ልጅ እጥፋቱን ክር በክር ለመከታተል ከቻለባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው የተገኘው ግን ስለ እንቁላልም ሆነ ስለ መድኃኒት ከማያስብ አንድ የፊዚክስ ሊቅ እጅ ነው፡፡ በቋንቋችን የእንቁላሉም መካከል፣ የአቶሙም እንብርት አስኳል ይባላል፡፡ የዛሬው ታሪካችን ከአንዱ አስኳል ወደ ሌላው የሚያሻግር ነው፡፡ ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፣ ለብቻ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፡፡

ፊሊክስ ብሎክ የተወለደው በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ጥቅምት 13 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 ነው፡፡ አባቱ ጉስታቭ ብሎክ ከቦሔምያ መጥቶ በዙሪክ የተቀመጠ አይሁዳዊ የእህል ነጋዴ ነበር፡፡ ዙሪክ ለእኛ አገር ፈጽማ እንግዳ አልነበረችም፡፡ በ1879 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አፄ ምኒልክን በመሐንዲስነትና በአማካሪነት ያገለገለው፣ በእንጦጦና በአዲስ አበባ የኖረው አልፍሬድ ኢልግ የተማረው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነበር፡፡ ኢልግ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1916 በዙሪክ ሲሞት፣ ፊሊክስ በዚያችው ከተማ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም የሚገባው በዚያው ትምህርት ቤት ነው፡፡

የፊሊክስ ልጅነት ሐዘን የነካው ነበር፡፡ ታላቅ እኅቱ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ሞተችበት፤ ከዚያም በኋላ ልጁ ዝምታን የሚያበዛና ብቸኝነትን የሚወድ ሆነ፡፡ መጽናኛ ያገኘው በሒሳብ፣ በፒያኖና በአገሩ ተራሮች ነበር፡፡ ተራራ መውጣትና በበረዶ ላይ መንሸራተት እስከ እርጅናው ድረስ አልተዋቸውም፡፡

በ1924 ወደ ፖሊቴክኒኩ የገባው መሐንዲስ ለመሆን ነበር፡፡ መሐንዲስነት እንጀራ የሚገኝበት ሙያ ነውና ቤተሰቡም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፡፡ አንድ ዓመት እንደ ተማረ ግን ልቡ ወደ ፊዚክስ አደላ፡፡ በዚያ ጊዜ ፊዚክስ የተማረ ሰው ከመምህርነት ሌላ የሚያገኘው ሥራ ጥቂት ነበር፡፡ ሆኖም ያ ዘመን ስለ አቶም የነበረው አሳብ ከሥሩ የሚለወጥበት፣ ዙሪክም ለውጡ ከሚደረግባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች፡፡ መምህሩ ፔተር ደባይ ነበር፡፡ ኤርዊን ሽሮዲንገር ስለ ሞገድ የደረሰበትን አዲስ አሳብ በዚያ ከተማ በጉባኤ ሲያሰማ፣ ወጣቱ ብሎክ ከአድማጮቹ መካከል ነበር፡፡

በ1927 ወደ ጀርመን አገር ወደ ላይፕዚግ ሄዶ የቬርነር ሃይዘንበርግ የመጀመሪያው የዶክትሬት ተማሪ ሆነ፡፡ ሃይዘንበርግም ራሱ ገና የ25 ዓመት ወጣት ፕሮፌሰር ነበር፡፡ ብሎክ የተያዘው ጥያቄ ይህ ነበር፤ በመዳብ ሽቦ ውስጥ አቶሞች እንደዚያ ተጠጋግተው ሳሉ፣ ኤሌክትሮን ሳይጋጭ ብዙ ርቀት የሚያልፈው እንዴት ነው? የ22 ዓመቱ ተማሪ መልሱን አገኘ፡፡ አቶሞቹ በሥርዓት የተሰለፉ ስለ ሆኑ፣ እንደ ሞገድ የሚሄደው ኤሌክትሮን ሰልፉ እስካልተበላሸ ድረስ እንቅፋት አያገኘውም፡፡ በ1928 የቀረበው ይህ ጽሑፍ ዛሬ በየራዲዮውና በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ላሉት ትራንዚስተሮች ዕውቀት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው፡፡ ሌላ ሥራ ባይጨምርበት እንኳ ስሙን ለማስጠራት ይበቃው ነበር፡፡

ከዚህ በኋላ በፓውሊ፣ በሃይዘንበርግና በቦር አጠገብ ሠርቶ በላይፕዚግ አስተማሪ ሆነ፡፡ በ1933 ሂትለር የጀርመንን መንግሥት ያዘ፤ አይሁድ ከዩኒቨርስቲዎች ይባረሩ ጀመር፡፡ ብሎክ የስዊስ ዜጋ ነበር፤ ስሙም ገንኗል፡፡ ነገር ግን ነገሩ እስኪለይለት አልጠበቀም፡፡ በ27 ዓመቱ ሥራውን ጥሎ ከአገሪቱ ወጣ፡፡ በሮም ከኤንሪኮ ፌርሚ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ቆየ፡፡ ከዚያም በ1934 ከአውሮፓ እጅግ ርቆ ወደሚገኘው፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ወዳለው ስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ሄደ፡፡ ዛሬ ስታንፎርድ ታላቅ ስም ያለው ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በፊዚክስ ገና ያልታወቀ ቦታ ነበር፡፡ መምህሩ ሃይዘንበርግ በጀርመን ቀረ፤ ተማሪውና መምህሩ በሁለት ወገን ሆኑ፡፡

በአዲሱ አገር ብሎክ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ይቻላል፡፡ ቀድሞ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ ይሠራ የነበረው ሊቅ አሁን ሽቦ መጠምጠምና ማግኔት ማስተካከል ጀመረ፡፡ ኒውትሮን የተባለችው ቅንጣት ምን ያህል የማግኔት ኃይል እንዳላት ለማወቅ ይፈልግ ነበርና፣ ከሉዊስ አልቫሬዝ ጋር ሆኖ በ1939 ለካው፡፡ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በ1940ም እንደ እሱ ከጀርመን የተሰደደችውን የፊዚክስ ምሁር ሎሬ ሚሽን አግብቶ አራት ልጆች ወለዱ፡፡ በጦርነቱ ጊዜ የአቶም ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ነገር ግን የወታደራዊው ኑሮ ስላልተስማማው ያን ትቶ በሃርቫርድ የራዲዮ ላቦራቶሪ የጠላትን ራዳር የማክሸፍ ሥራ ያዘ፡፡ በዚያም ስለ ራዲዮ ሞገድ ያገኘው ሙያ ለኋለኛው ታላቅ ሥራው ስንቅ ሆነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፡፡ እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱን እንደሚያሾሩት ያየ ሁሉ ያውቃል፡፡ እየሾረ ያለ እንዝርት ወደ ጎን ሲያዘነብል ወዲያው አይወድቅም፤ ጫፉ በአየር ላይ ክብ እየሣለ ይዞራል፡፡ በውኃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አስኳልም እንደዚሁ የሚሾር ጥቃቅን ማግኔት ነው፡፡ በብርቱ ማግኔት መካከል ሲቀመጥ እንደ እንዝርቱ ጫፍ በተወሰነ ቍጥር ይዞራል፡፡ ልክ ያን ቍጥር የያዘ የራዲዮ ሞገድ ቢላክበት፣ አስኳሉ ሞገዱን ተቀብሎ ከቆመበት ያዘነብላል፤ ሞገዱ በጥቂቱ እንኳ ቢለይ ግን አይሰማውም፡፡ ያዘነበሉትም አስኳሎች ባንድነት ሲዞሩ በአጠገባቸው በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራሉ፡፡ ብሎክ ይህን ደቃቅ ኃይል በራዲዮ መቀበያ ለማዳመጥ ቈረጠ፡፡

ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ወደ ስታንፎርድ ተመልሶ ከራዲዮው ሊቅ ከዊሊያም ሃንሰንና ከወጣቱ ተማሪ ከማርቲን ፓካርድ ጋር ሥራውን ጀመረ፡፡ ገንዘባቸው ጥቂት ነበር፤ የተጠቀሙበትም ማግኔት በክፍል ውስጥ ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆን ነበር፡፡ ጥቂት ውኃ በብርጭቆ ውስጥ አድርገው፣ አስኳሎቹ ቶሎ እንዲሰለፉ ብረት ያለበት ጨው ጨመሩበት፡፡ በጃንዩወሪ 1946 ውኃው መልስ ሰጠ፡፡ የሃይድሮጂን አስኳል በዚያ ማግኔት ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ከ7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሲዞር ተሰማ፡፡ ብሎክ በኋላ የራሱን ጣት በመሣሪያው ውስጥ አግብቶ ብርቱ ምልክት እንዳገኘ ይነገራል፡፡ ሰውነት አብዛኛው ውኃ ነውና፡፡

ነገር ግን በዚያው ወራት፣ ከአሜሪካ በሌላው ጫፍ በሃርቫርድ፣ ኤድዋርድ ፐርሰልና ሁለት ጓደኞቹ ይህንኑ በሻማ ሰም ውስጥ አግኝተውት ኖሯል፡፡ የእነርሱ የተገኘው በዲሴምበር 1945፣ ማለት ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ነው፡፡ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፡፡ የአነጋገራቸውም ስልት ስለ ተለያየ ያገኙት አንድ ነገር መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወስዶባቸዋል፡፡ በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ጠብ አስነሥቷል፤ በዚህ ግን ክብሩ ለሁለቱ እኩል ተካፈለ፡፡ በ1952 ብሎክና ፐርሰል የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ፡፡ ዊሊያም ሃንሰን ግን በ1949 ገና የ39 ዓመት ሰው ሳለ ሞቶ ነበርና ይህን አላየም፡፡

የዚህ ግኝት ትልቅ ጥቅም የታየው በ1951 በዚያው በስታንፎርድ ነው፡፡ የብሎክ ባልደረቦች አልኮልን፣ ማለት በአረቄ ውስጥ ያለውን ያንኑ አልኮል፣ በመሣሪያው ቢመረምሩት አንድ ምልክት ሳይሆን ሦስት ምልክት አገኙ፤ መጠናቸውም ሦስት፣ ሁለትና አንድ ነበር፡፡ የአልኮል ቅንጣት ስድስት የሃይድሮጂን አቶሞች አሏት፡፡ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላ ወገን፣ አንዷ ለብቻዋ ናት፡፡ እያንዳንዱ አስኳል ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ በአዟዟሩ ይናገራል ማለት ነው፡፡ የፊዚክስ ሊቃውንት ይህ የጎረቤት ጣልቃ ገብነት ልካቸውን ስለሚያዛባባቸው መጀመሪያ ተበሳጭተውበት ነበር፤ ለኬሚስቶቹ ግን ያልጠበቁት ሀብት ሆነላቸው፡፡

ከአልኮል ወደ ፕሮቲን ያለው መንገድ ሩቅ ነበር፡፡ አልኮል ስድስት ሃይድሮጂን ሲኖራት አንድ ትንሽ ፕሮቲን ብዙ መቶ አለው፡፡ ሪቦኑክሊየስ የተባለው፣ 124 ዶቃዎች ያሉት ፕሮቲን፣ በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያው ሲመረመር የታዩት ጥቂት የተድበሰበሱ ጉብታዎች ብቻ ነበሩ፡፡ በገበያ መካከል ቆሞ የአንድን ሰው ንግግር ለይቶ እንደ መስማት ያለ ነበር፡፡ ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ሪቦኑክሊየስ በመድኃኒት ፈትቶ፣ መድኃኒቱ ሲወገድለት ክሩ ያለማንም እርዳታ ተመልሶ እንደሚታጠፍና ሥራውን እንደሚጀምር አሳየ፤ በ1972ም የኖቤል ሽልማት አገኘ፡፡ የታጣፊው ቅርጽ ትእዛዝ በዶቃዎቹ ተራ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው፡፡ እንግዲያው እንቁላሉ የማይመለሰው ክሮቹ እርስ በርስ ስለ ተተበተቡ እንጂ ትእዛዙ ስለ ጠፋ አይደለም፡፡ ሆኖም ክሩ የሚቻለውን ቅርጽ ሁሉ እየሞከረ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛውን ለማግኘት የዓለም ዕድሜ አይበቃውም ነበር፡፡ ሳይረስ ሌቪንታል ይህን በ1960ዎቹ ማብቂያ አመለከተ፡፡ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይታጠፋል፡፡ መንገድ አለው ማለት ነው፤ መንገዱስ በየት በኩል ነው?

መልሱ ከተፈለገባቸው ቦታዎች አንዱ እንደገና ስታንፎርድ ሆነ፡፡ በዚያ ያስተምር የነበረው ሮበርት ባልድዊንና የሥራ ጓደኛው ጃያንት ኡድጋኦንካር በ1988 ያደረጉትን በቤት አሠራር መስለን እንናገረው፡፡ ቤት እየተሠራ ሳለ ዝናብ ቢዘንብ፣ ጣራ የተከደነው ክፍል ደረቅ ሆኖ ያልተከደነው ይረጥባል፡፡ ከዝናቡ በኋላ የገባ ሰው የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደ ተከደነ ከእርጥበቱ ያውቃል፡፡ እነርሱም ፕሮቲኑን ፈትተው፣ ሊለወጡ የሚችሉት ሃይድሮጂኖች በከባድ ሃይድሮጂን እንዲተኩ አደረጉ፤ ከባዱ በዚያ የራዲዮ ቍጥር አይሰማም፡፡ ከዚያም ክሩ መታጠፍ ሲጀምር ከሴኮንድ እጅግ ባነሰች ጊዜ የተራ ውኃ ዝናብ አዘነቡበት፡፡ ገና ያልታጠፈው ክፍል ተራ ሃይድሮጂን ይቀበላል፤ የታጠፈው ግን ተከድኗልና አይቀበልም፡፡ መጨረሻ ላይ የብሎክ መሣሪያ እያንዳንዱን ሃይድሮጂን ለይቶ ቢያናግረው፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደ ታጠፈ ተራው ታወቀ፡፡ በዚያው ዓመት ሌሎች ሊቃውንት በሌላ ፕሮቲን ላይ ተመሳሳይ ሥራ አሳትመዋል፡፡

ሌላው መንገድ ይበልጥ ከብሎክ እጅ የወጣ ነው፡፡ በ1946 በጻፋቸው ሒሳቦች ውስጥ ሁለት ጊዜያት አሉ፡፡ አንዱ አስኳሎቹ ካዘነበሉ በኋላ ተመልሰው ለመሰለፍ የሚወስድባቸው ጊዜ ነው፡፡ ሁለተኛው አብረው ሲዞሩ ቆይተው እርስ በርስ የሚለያዩበት ጊዜ ነው፤ ማሕሌት የቆሙ ካህናት በአንድ ምት ሲወዛወዙ ቆይተው ምቱ ቢጠፋባቸው እያንዳንዱ በየራሱ እንደሚወዛወዝ ዐይነት፡፡ የፕሮቲኑ አንድ ክፍል ሲከፈትና ሲዘጋ፣ በዚያ ያሉት አስኳሎች ምታቸው ይለዋወጣልና ቶሎ ይለያያሉ፡፡ ከመለያየታቸው ፍጥነት ሊቃውንት ክፍሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ያሰላሉ፤ እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገለጠውንና በራሱ የማይታየውን ቅርጽ እንኳ ያውቃሉ፡፡ ሃርደን ማክኮኔል በ1958 የብሎክን ሒሳብ ለዚህ እንዲስማማ አድርጎ አስፋፋው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል፡፡

ብሎክ ራሱ ከሽልማቱ በኋላ አንድ ፈተና ገጠመው፡፡ የአውሮፓ መንግሥታት በጄኔቫ ያቋቋሙት ታላቁ የኑክሊየር ምርምር ማዕከል ሴርን በ1954 የመጀመሪያው ዋና ዲሬክተር አድርጎ ሾመው፡፡ ሹመቱ ትልቅ ክብር ነበር፤ በስደት ለወጣባት አውሮፓም መመለሻ ነበር፡፡ እሱ ግን ደብዳቤና ስብሰባ ከምርምሩ እንደሚያርቀው ስለ ተረዳ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው በ1955 ሥልጣኑን ለቆ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ ተመለሰ፡፡ በስታንፎርድ እስከ 1971 አስተማረ፡፡ ከተማሪዎቹ አንዱ ዌስተን አንደርሰን ከሪቻርድ ኧርንስት ጋር በ1960ዎቹ አጋማሽ መሣሪያውን እጅግ ፈጣን የሚያደርግ ዘዴ አወጡ፡፡

ፊሊክስ ብሎክ በ1983፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1975 ዓ.ም. በተወለደባት በዙሪክ ዐረፈ፤ ዕድሜውም 77 ዓመት ነበር፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1985፣ ብሎክ በተማረበት በዚያው የዙሪክ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ኩርት ቩትሪክ ከጓደኞቹ ጋር በውኃ ውስጥ ያለ የአንድን ፕሮቲን ሙሉ ቅርጽ በዚህ መሣሪያ አውጥቶ አሳተመ፤ ለዚህም ሥራ በ2002 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፡፡ በሴኮንድ በ7 ሚሊዮን የተጀመረው አዟዟር ዛሬ በብርቱዎቹ ማግኔቶች 1200 ሚሊዮን ደርሷል፡፡ በሆስፒታል ሕሙማን ተኝተው የሚገቡበት፣ ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ካሜራም የዚሁ ግኝት ልጅ ነው፡፡ በአእምሮ ውስጥ ተያይዘው የሚከማቹ ፕሮቲኖች ከሚታዩበት ከአልዛይመር በሽታ ጋር የሚታገሉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎችም በሁለቱ ይገለገላሉ፡፡

ግኝቱ ወደ እኛም ሰፈር የሚጠጋበት መንገድ አለው፡፡ አዲስ አበባ ለምድር ማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ በ1957 እና በ1958 በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞባታል፡፡ በዓለም ዙሪያ ያሉ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የምድርን ማግኔት ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ በውስጡ ውኃን የመሰለ ሃይድሮጂን ያለበት ፈሳሽ የያዘ፣ የብሎክ ዘዴ የሚሠራበት ነው፡፡ ከእንጦጦ ወርዶ በቀበና ወንዝ በየካ በኩል የሚያልፈው ውኃ እንኳ አስኳሎቹ በምድር ማግኔት ምክንያት በሴኮንድ 1500 ጊዜ ያህል ለመዞር የተዘጋጁ ናቸው፡፡

ከዚህ ሰው ታሪክ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሚወስደው አለ፡፡ ብሎክ የፈለገው ጥቃቅኑ ማግኔት ስንት መሆኑን በትክክል ለማወቅ ብቻ ነበር፡፡ ጥቅሙ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ በ1946 የሚሰጠው መልስ ትንሽ ነበር፡፡ ነገር ግን የለካውን በንጽሕና ስለ ለካ፣ ሌሎች በልኩ ላይ ቤት ሠሩበት፡፡ ለዚህ ታላቅ ማግኔት አላስፈለገውም፤ በክፍል ውስጥ የቆመው የማሳያ ማግኔት በቅቶታል፡፡ በእሑድ ቀን በእንጦጦ ጫካ ውስጥ እሳት አንድደው እንቁላል የሚቀቅሉ ወጣቶች፣ ነጩ ሲረጋ ባዩ ጊዜ ምክንያቱን ቢጠያየቁ፣ ጥያቄው እስከ ስታንፎርድና እስከ ዙሪክ ድረስ ይወስዳቸዋል፡፡